የቤት ሳሙናዬ ነጩን ልብስ ለምን ግራጫ አደረገው?

ጥያቄ፦ «እትዬ፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ሁለቱ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ትንሹ 8 ወሩ ነው። የምንኖረው ቃሊቲ ነው። ባለቤቴም እኔም ሥራ ውለን ነው የምንገባው፤ ልብስ የሚታጠበው ማታና እሁድ፣ በእጅ ነው። የኦሞ ወጪ ቢያማርረኝ ቲክቶክ ላይ ያየሁትን ሞከርኩ። የልብስ ሳሙና ፈቅፍቄ፣ ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ጨምሬ በሙቅ ውሃ በጠበጥኩት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከወር በኋላ ግን ነጩ የዩኒፎርም ሸሚዝ ግራጫ ሆነ፣ ፎጣውም እንደ ካርቶን ደረቀ። አሁን ጎረቤቴ 'ኮስቲክ ሶዳ ገዝተን ከዘይት ራሳችን እንሥራ' እያለችኝ ነው። ያዋጣናል? ለልጆቹስ አያሰጋም?»

መልስ፦ እትዬ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። ከሃያ ዓመት በላይ የሳሙና ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሦስት ልጆችም አሳድጌያለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አውቀዋለሁ፤ ሳሙናውንም፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ሳፋ ፊት መቀመጡንም።

መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ። ኮስቲኩን ተዪው። የሠራሽውን ብጥብጥ ግን አትድፊው፣ ለሌላ እጥበት ይውላል። ኦሞንም ጨርሰሽ አትሰናበቺው። የምትቆጥቢው ብር ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱን ወደ በኋላ እናየዋለን።

አሁን ምን እንደተበላሸ እንይ። አቼቶ አሲድ ነው። ቤኪንግ ሶዳ የእሱ ተቃራኒ ነው። ሁለቱን ስትቀላቅዪ ቡፍ ብሎ ይፈላል፤ ቪዲዮ ላይ የሚያምረውም ይኸው ነው። ፍሉ ሲበርድ ግን የሚቀርሽ ውሃና ትንሽ ጨው ነው። አንዱ ሌላውን አጥፍቶታል። ሁለት ዕቃ ገዝተሽ ለአንዱም አልተጠቀምሽበትም ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ አቼቶው ሳሙናውንም መንካቱ ነው። ሳሙና ማለት ቅባትና አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ነገር) ተዋህደው የፈጠሩት ነገር ነው። አሲድ ሲገባበት አልካሊውን ይነጥቀውና ሳሙናውን ወደ ቅባት ይመልሰዋል። ብጥብጡ ላይ እንደ አይብ የተንሳፈፈ ነጭ ነገር አይተሽ ከሆነ እሱ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ልብሱን በከፊል በቅባት ስታጥቢው ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት የአንቺ አይደለም፣ የውሃው ነው። የአዲስ አበባ ውሃ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው የዝናብና የወንዝ ውሃ ስለሆነ ለስላሳ ነው፤ ሳሙና ቶሎ ይፈታል። ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ግን ዓለት ውስጥ የቆየ ውሃ ነው። ካልሲየምና ማግኒዚየም ተሸክሞ ይመጣል። ጠንካራ ውሃ የምንለው ይህንን ነው። ቃሊቲ ስላልሽ የሚደርሳችሁ የጉድጓዱ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ የኖረ ሰው ጣጣውን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ጀበናና ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል።

ጠንካራ ውሃ ሳሙና ሲያገኝ ሳሙናው አረፋ ከማውጣት ይልቅ ይረጋል። ያ የረጋው ነገር በውሃ አይሟሟም። ጨርቁ ላይ ይለጠፋል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይለጠፋል። በአንድ እጥበት አይታወቅም። አራት አምስት ጊዜ ሲደራረብ ነው ሸሚዙ ግራጫ፣ ፎጣው ካርቶን የሚሆነው። ኦሞ ላይ ይህ የማይታየው ኦሞ በኬሚስት ቋንቋ ሳሙና ስላልሆነ ነው። ዲተርጀንት ነው። ካልሲየምን ይቋቋማል፤ ውሃውን የሚያለሰልስ ነገርም አብሮ ተቀላቅሎበታል። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ ያለች እናት ለስላሳ ውሃ ላይ ሠርታ የተሳካላት ነገር አንቺ ጋ ሲከሽፍ አይግረምሽ።

ውሃሽን እንዲህ ፈትኚው። ንጹሕ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እስከ ግማሽ የቧንቧ ውሃ ሙዪ። የሽምብራ ፍሬ የምታክል የልብስ ሳሙና ፈቅፍቀሽ ጨምሪና አሥራ አምስት ጊዜ ያህል በደንብ ናጪው። አረፋው ወፍሮ ከቆየ ውሃሽ ደህና ነው። አረፋው ቶሎ ጠፍቶ ውሃው እንደ አጓት ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። ክረምት ላይ ከሆነ ከዝናብ ውሃ ጋር ጎን ለጎን አድርጊው፤ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

መድኃኒቱ ሶዳ አሽ ነው። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች «ሶዳ» ይባላሉ። ቤኪንግ ሶዳ ዳቦና ኬክ ውስጥ የሚገባው ነው፤ ለእጥበት ደካማ ነው፣ ለሥራውም ውድ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ሥጋ የሚበላው ነው። ሶዳ አሽ በመሀል ያለው ነው፤ ለማጠቢያ የሚሆነን እሱ ነው። በአገራችንም ከአብያታ ሐይቅ ውሃ ተመርቷል። መርካቶ ያሉ የኬሚካል ሱቆች በኪሎ ይሸጡታል። ስትገዪ «ሶዳ ስጠኝ» አትበዪ። «ሶዳ አሽ፣ የማጠቢያ» በዪ፤ ላስቲኩ ላይም ዓይንሽ እያየ ያጽፉልሽ። ነጭ ዱቄት ሁሉ ይመሳሰላል። ኮስቲክ አብዛኛውን ጊዜ በቅርፊት ወይም በእንክብል መልክ ነው የሚመጣው፤ ሶዳ አሽ ዱቄት ነው። ከተጠራጠርሽ አትግዢ።

አጠቃቀሙ ይህ ነው። ለአንድ ጀሪካን ማለትም ለ20 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ። ውሃው ለብ ያለ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ሶዳው ብቻ ይግባ። አማስለሽ አምስት ደቂቃ ተዪው። ሶዳው ካልሲየሙን ይይዝልሻል። ከዚያ በኋላ ሳሙናው ይግባ። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ ሳሙናው ከቀደመ ቀድሞ ይረጋል፣ ድካምሽም ከንቱ ነው።

ሳሙናውን እንዲህ አዘጋጂ። 200 ግራም የልብስ ሳሙና ፈቅፍቂ። ያለቀ የሳሙና ቁራጭም ካጠራቀምሽ ይሆናል። በ2 ሊትር የፈላ ውሃ አሟሚውና ይደር። ጠዋት እንደ አጥሚት ወፍሮ ታገኚዋለሽ። ለ20 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል። አቼቶ የለም፣ ቤኪንግ ሶዳ የለም። ፈቅፍቀሽ በአቼቶ የበጠበጥሽው የተረፈ ካለም በሶዳ አሽ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ ምንጣፍና መወልወያ ጨርቅ እጠቢበት። ልብስ ላይ አትመልሺው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሶዳ አሽ እጅ ያደርቃል፤ ጓንት አድርጊ። የአሉሚኒየም ሳፋም ያጠቁራል፤ ፕላስቲክ ተጠቀሚ። ከዚያ በተረፈ ሱፍና ሐር አይወዱትም። የባለቤትሽ የሱፍ ኮት ካለ ወይም የአያት በርኖስ ቤት ውስጥ ከተገኘ ከዚህ ውሃ አርቂው።

ግራጫ የሆኑት ሸሚዞችስ? አይጣሉም። ነጭ ጥጥ ከሆኑ በምትችዪው ያህል ሙቅ ውሃ፣ ለ20 ሊትር 4 የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ አድርገሽ ማታ ዘፍዝፊያቸውና ይደሩ። ሳሙና አትጨምሪ። ጠዋት ውሃውን ስታዪው ትደነግጫለሽ። ያ ሁሉ ቆሻሻ «ታጥቧል» ከተባለ ልብስ ነው የወጣው። ሁለት ጊዜ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ አለቅልቀሽ ፀሐይ ላይ አስጪ።

አቼቶን ሙሉ በሙሉ አላጣጣልኩትም። ቦታው ሌላ ነው፤ መጨረሻ ላይ ነው። በመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ጨምሪ። የተረፈውን ሶዳ ያጠፋዋል፣ ፎጣውን ያለሰልሳል። ሽታው ልብሱ ሲደርቅ ይጠፋል። የልብስ ማለስለሻ የምትገዢ ከሆነ ያንን ወጪ ዛሬውኑ መተው ትችያለሽ። ለሕፃኑ የጨርቅ ዳይፐር ደግሞ የሱቁ ማለስለሻ ጭራሽ አይመከርም፤ ጨርቁን በቅባት ነገር ሸፍኖ ውሃ መምጠጡን ይቀንስበታል። የትንሹን ልብስ ሽቶ በሌለው ሳሙና እጠቢ፣ አንድ ጊዜ ጨምረሽ አለቅልቂ። ቆዳው ስስ ነው።

አቼቶና በረኪና ግን በምንም ዓይነት አይገናኙ። ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። በረኪና ከሎሚም ሆነ ከማንኛውም አሲድ ጋር ያው ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ሐሳብ እንሂድ። ሴትየዋ አልተሳሳተችም፣ ሳሙና እውነትም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ዘይትና ኮስቲክ ሶዳ ሲዋሃዱ ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣል። ለ1 ኪሎ የሱፍ ዘይት 134 ግራም ገደማ ኮስቲክ ያስፈልጋል። ለፓልም ዘይት 141 ግራም ገደማ ነው። ልብ በዪ፣ በማንኪያ ሳይሆን በግራም ነው። የሁለቱ ዘይት ልዩነት 7 ግራም ብቻ ነው፤ ያቺ 7 ግራም ከበለጠች ግን ሳሙናው እጅ የሚያቃጥል ይሆናል። ስለዚህ የዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ሳሙናው ቢያንስ 4 ሳምንት መድረቅ አለበት።

ሒሳቡን ሥሪው። ከ1 ኪሎ ዘይት ከደረቀ በኋላ ወደ 1.2 ኪሎ ሳሙና ታገኛለሽ። የዘይቱን ዋጋ ስትደምሪ ከሱቅ ሳሙና ይልቅ ውድ ሆኖ ይመጣል። ወጥ የሚሠራበት ዘይት ሳፋ ውስጥ ሲገባ እኔ በበኩሌ ያመኛል። ሒሳቡ የሚያዋጣው የተጠበሰበት ዘይት በነፃ ለሚያገኝ ሰው ነው፤ ሳምቡሳ ወይም ችፕስ ለሚሸጥ ለምሳሌ። እናንተ እሱ ከሌላችሁ አያዋጣችሁም። ቢኖራችሁም ደግሞ የሚወጣው ሳሙና ነው። ሳሙና ደግሞ ከቃሊቲ ውሃ ጋር ያለውን ጸብ አይተነዋል።

ከዚያ አደጋው አለ። ኮስቲክ ውሃ ውስጥ ሲገባ እሳት ሳይነካው ይፈላል። ሁልጊዜ ኮስቲኩ ነው ወደ ውሃው የሚገባው፤ ውሃ ኮስቲክ ላይ ከተደፋ ፊት ላይ ይረጫል። ከአሉሚኒየም ድስት ጋር ከተገናኘ ድስቱን ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ጋዝም ያወጣል። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ፣ አንዲት ጠብታ ክንዴ ላይ አርፋ ጠባሳዋ እስካሁን አለ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሃይላንድ ነው። በአገራችን የተረፈ ነገር ሁሉ ሃይላንድ ውስጥ ይገባል። በረኪናው፣ ጋዙ፣ የተበጠበጠው ኮስቲክ። ኮስቲክ ተበጥብጦ ሲረጋ ውሃ ነው የሚመስለው። ልጅ ጠምቶት ከውጭ ሮጦ ሲገባ ሃይላንድ ካየ ይጠጣል። አንድ ጉንጭ ይበቃል፤ ጉሮሮውን ለዕድሜ ልክ ሊያጠብበው ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ ልጁን አታስመልሱት፤ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥለዋል። ሎሚም አቼቶም አትስጡት። አፉን በውሃ አጉመጥምጡትና በፍጥነት ሆስፒታል ውሰዱት። ቆዳ ላይ ከሆነ 20 ደቂቃ በሚወርድ ውሃ ይታጠብ። በረኪናሽ አሁን ሃይላንድ ውስጥ ከሆነ ይህን ማንበብ አቁመሽ ተነሺና ቀይሪው።

ከዘይት ሳይሆን ከላብሳ (ዲተርጀንት ከሚሠራበት ኬሚካል) የሚሠራውን ፈሳሽ ሳሙና እንዳትጠይቂኝ እንጂ ከጠየቅሽኝ፣ እሱ የተሻለ ነው። በየሠፈሩ ሥልጠና የሚሰጥበት እሱ ነው። ዲተርጀንት ስለሆነ ጠንካራ ውሃን ይችላል። ችግሩ ላብሳ ራሱ ኃይለኛ አሲድ መሆኑና አሲድነቱ በኮስቲክ መጥፋት ያለበት መሆኑ ነው። ለ1 ኪሎ ላብሳ ወደ 120 ግራም ኮስቲክ ይሄዳል፤ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ አሲድነትን በሚለካው በፒኤች ወረቀት ነው፣ ከ7 እስከ 8 ሲያሳይ። በዓይን ወይም በእጅ «ሙልጭልጭ አለ» ተብሎ አይታወቅም። ብዙ ሠሪዎች ጨው እየጨመሩ ያወፍሩታል። ገዢውም ወፍራሙን ጠንካራ አድርጎ ያየዋል። ውፍረት ጥራት አይደለም፤ ቀለሙና ሽታውም አያጥቡም። ለአንድ ቤት ብቻ መሥራቱ ለዕቃው መግዣም ለጊዜውም አይሆንም። በዕድራችሁ ውስጥ አሥር ቤት ሆናችሁ፣ አንድ የሠለጠነ ሰው ልጅ በሌለበት ግቢ ውስጥ ቢሠራላችሁ ግን እኔ አልቃወምም።

እናቶቻችን የሚያውቁትን አንድ ነገር ግን ልመክርሽ እችላለሁ፤ እንዶድን። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ያወጣል። አረፋው የሚመጣው ሳፖኒን ከሚባል ነገር ነው። ጠንካራ ውሃ ላይ አይረጋም። ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ የሚያወጣውን ጥራት ኦሞ አያወጣውም ብለው የሚምሉ ሴቶች አሉ፤ እናቴ አንዷ ነበረች። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዓድዋ ላይ ያዩት ነገር የታወቀ ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች። ምርምራቸው የጀመረው ከዚያ ነው። ታሪኩን ያመጣሁት ለጌጥ አይደለም። ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ዓሣም ይገድላል፤ እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፊ። ሲወቀጥ ያስነጥሳል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፣ ቢዋጥ ይመርዛል። ከልጆች ይራቅ። ለዕለት ዩኒፎርም ልፋቱ አይመጥንም። ለበዓል ጋቢና ነጠላ ግን አጥሩ ላይ የበቀለበት ዘመድ ካለሽ ተጠቀሚበት።

አሁን ብሩ ያለበት ቦታ። ብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ኦሞ የሚያልቀው በውድነቱ ብቻ ሳይሆን በእጅ እየተዘገነ ስለሚገባ ነው። አረፋ እስኪሞላ ይጨመራል። አረፋ ንጽሕና አይደለም። አረፋ ሲበዛ ማለቅለቂያው ከሁለት ወደ አራት ይሄዳል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ሶዳ አሽ ቀድሞ ከገባ እኔ ቤት ለ20 ሊትር ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ኦሞ በቂ ነው። ማንኪያውን ኦሞው ውስጥ ተዪው፤ ልጆቹም ሠራተኛም ብትኖር በእሱ ብቻ ይስፈሩ። አዲስ ኦሞ ስትከፍቺ ቀኑን በእስክሪብቶ ላስቲኩ ላይ ጻፊ። ሲያልቅም ጻፊ። በሁለት ወር ውስጥ ምን ያህል እንደቆጠብሽ ማንም ሳይነግርሽ ታዪዋለሽ። ደረቅ ሳሙናንም እንደገዛሽ አትጠቀሚ። ከማሸጊያው አውጥተሽ መደርደሪያ ላይ ለጥቂት ሳምንት አድርቂው። ውሃው ሲወጣ ይጠነክራል፣ ቶሎ አይሟሟም።

ጊዜን በተመለከተ፣ መዘፍዘፍ ከመፈተግ ይሻላል። ማታ ልጆቹ ዩኒፎርም ሲያወልቁ አንገትጌውንና እጅጌውን ብቻ በደረቅ ሳሙና አሽተሽ ሶዳ አሽ ውሃ ውስጥ ጣዪው። እራት በልታችሁ እስክትነሡ ግማሹ ሥራ አልቋል። ወተት፣ ደምና እንቁላል የነካው ግን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ሙቅ ውሃ ያበስለዋል። የወጥ ነጠብጣብ፣ በተለይ የእርድና የበርበሬ፣ ታጥቦም ቢቀር አትጨነቂ። እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው። ቀለማቸውን ፀሐይ ያጠፋዋል። ጥበብ ያለበት ቀሚስ ላይ በረኪና አታስጠጊ።

ማጠቢያ ማሽን ስትገዢ (እግዚአብሔር ያድርሽ) ያንን የሳሙና አጥሚት ውስጡ አትጨምሪ። ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ለማሽን ኦሞውና ሶዳ አሹ ይበቁታል።

የእስክሪብቶ ቀለም ስላላነሳሽ ገረመኝ፤ ተማሪ ያለበት ቤት ውስጥ የማይጠፋ ነገር ነው። ከኮቪድ የተረፈ ሳኒታይዘር ካለሽ እሱ ያስለቅቀዋል። ከሸሚዙ ሥር አሮጌ ጨርቅ አንጥፊ፣ ሳኒታይዘሩን በጥጥ ነክረሽ ጫን ጫን አድርጊበት። አትፈትጊው፣ ይሰፋል። ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ሲወርድ ጨርቁን እያዞርሽ ቀጥዪ፤ ከዚያ እንደ ሌላው ዘፍዝፊው።